የስልክ ካሜራ ፕሮግራምና የታወጀው መንገድ

በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዛሬ የጥበቡን መልክ የሚያሳዩት በሱቅ መስኮት ብቻ አይደለም። ጥለቱ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ይነሣና ባሕር ማዶ ላለው ገዢ ይላካል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ቴሌብርም ገዢው የኪውአር ኮድ በካሜራ አስነብቦ ይከፍላል። እንግዲህ የስልክ ካሜራ እንደ ሚዛንና እንደ ሜትር የንግድ መሣሪያ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ በምን ላይ እንደ ተመሠረተ መመርመር ይገባል።

ማናቸውም የካሜራ ፕሮግራም ካሜራውን በቀጥታ አያዝም፤ የስልኩን ዋና ሥርዐት ይጠይቃል እንጂ። የመጠየቂያው መንገድ ኤፒአይ ይባላል። እርሱም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የሥርዐቱ ባለቤት በጽሑፍ አውጆ ለሁሉ የከፈተው ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ ለራሱ ሥራ ያበጀው፣ ለሌላው ያላወጀው የውስጥ መንገድ ነው። በዚህ የሚገባ ሰው ለጊዜው ይጠቀማል፤ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ግን አቤት የሚልበት የለውም።

ለዚህ ምስክር አለ። በአይፎን ባርኮድ የሚያነቡ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የካሜራውን ሕያው ምስል የሚያገኙበት የታወጀ መንገድ ስላልነበራቸው፣ በስልኩ ገጽ ላይ የሚታየውን በሚቀዳ የውስጥ መንገድ ይሠሩ ነበር። አፕል ይህን እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ለጊዜው ፈቀደ፤ በ2010 የታወጀ መንገድ በከፈተ ጊዜ ግን የቀድሞውን መልሶ ከለከለ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር «ካሜራ ፕላስ» የተባለው ፕሮግራም በድምፅ ቁልፍ ፎቶግራፍ ማንሣትን ያለ ፈቃድ ሸሽጎ በማስገባቱ ከአፕል መደብር ተነሣ፤ የተመለሰውም በዲሴምበር ነው። አፕል ያንኑ ቁልፍ ለራሱ ካሜራ ያዋለው በ2011 ነበር። ሐሳቡ መልካም ሳለ መንገዱ የአራት ወር ገበያ አሳጣ።

ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው አንድሮይድ 9 ያልታወጁትን መንገዶች መገደብ ጀመረ። በአንጻሩ በ2014 ካሜራ2፣ በ2019 ካሜራኤክስ የተባሉትን የታወጁ መንገዶች አቅርቧል።

እርግጥ የታወጀው መንገድ አንዳንድ ጊዜ ይጠባል። ስልክ ሠሪው በራሱ ካሜራ ያኖረውን የሌሊት ማንሻ ጥበብ ለሌላው ላያካፍል ይችላል። ይህ ጉድለት ግን አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነጋዴው በሒሳቡ ሊያስገባው ይችላል። የውስጡ መንገድ ጉዳት ግን ስልኩ በታደሰ ማግስት፣ ምናልባትም በጥምቀት ገበያ መካከል፣ ሳይታሰብ ይደርሳል።

ስለዚህ ለሱቁ ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ በውሉ ሁለት ቃል ያስጽፍ፤ አንደኛ፣ ሥራው ሁሉ በታወጀ መንገድ ብቻ እንዲፈጸም፤ ሁለተኛ፣ የስልኩ ሥርዐት ሲታደስ ጥገናው የማን እንደ ሆነ። የመደብሩን ቁልፍ የያዘው ሌላ ሰው ሲሆን፣ የኪራዩ ውል በጽሑፍ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ለካሜራው ፕሮግራምም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይበቃውም።