ጭስ የሌለው የፍም ጋዝ

በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ያለችው አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የወረዳው ገበሬ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ በማሳው ላይ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉ ከ4 እስከ 6 ዓመት ሲሆነው ተቆርጦ፣ አፈር ለብሶ ከሰል ይሆናል፤ በጆንያ ተጭኖም እስከ አዲስ አበባ ይዘልቃል። ስለ ዛፉም ስለ ገቢውም ብዙ ተብሏል። ከፍሙ ስለሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የተባለው ያንሳል።

ጋዙ ቀለምም ሽታም የለው፣ ዓይንም አያቃጥል። በብዙ ቤት ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ወደ ውስጥ ይገባል። «ጭሱ አልቋል፣ አይጎዳም» ይባላል። ሰው የሚያልቀው በዚህ እምነት ነው። ጋዙን በብዛት የሚያወጣው ያው የቀላው ፍም ነው፤ በደጋው ብርድ በር ተዘግቶ አየር ሲያንሰው ደግሞ ይብሳል።

ጋዙ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ሲጣበቅ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል። ራስ ይመታል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንደ ማደንዘዣ ያስተኛል። በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚተነፈሰው ማደንዘዣ ሲቋረጥ አብዛኛው በትንፋሽ ቶሎ ይወጣል። ይህኛው ግን በተራ አየር ግማሹ ብቻ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል።

በደም ብቻም አያበቃም። በጡንቻ፣ በተለይም በልብ ጡንቻ፣ ኦክስጅን የሚያኖረውን ማዮግሎቢን ይይዛል። በሴሎች ውስጥ ደግሞ ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ይዘጋል፤ ሴሉ በኦክስጅን ጉልበት የሚያመነጭበት ሥራ የሚያልቀው በዚህ ኢንዛይም ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ቫርቡርግ ጋዙ የዘጋው ኢንዛይም ብርሃን ሲያርፍበት እንደገና እንደሚሠራ አሳየ፤ በ1931 እ.ኤ.አ. በዚሁ ኢንዛይም ላይ ባደረገው ጥናት ኖቤል ተሸለመ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከጋዙ እንቅልፍ ከነቁ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ደህና መስሎ ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው ከጥቂት ቀናት እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መርሳት ሊጀምር፣ ጠባዩ ሊለወጥ፣ እርምጃው ሊከብደው ይችላል። የአንጎል ነርቮች ሽፋን ተጎድቷል። ይህን ከታፈነባት ሌሊት ጋር የሚያገናኘው ሰው ግን አይገኝም።

በጋዙ የታፈነ ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጋዙ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አይለይም፤ ሰውየው ታፍኖ ሳለ 98 በመቶ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ በሽተኛውን ያመጣ ሰው ቤቱ ውስጥ ከሰል አድሮ እንደነበር ቀድሞ ይናገር። በጭንብል የሚሰጥ ንጹህ ኦክስጅን ግማሹ ጋዝ ከደም የሚወጣበትን ከ4 እስከ 5 ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ያወርደዋል።