ስሙ ራሱ ትእዛዝ የሆነ ፋይል

የፎቶ ፋይልን ስም እንዳሻን ብንለውጥ ሥዕሉ ያው ነው። የሊኑክስ ማዋቀሪያ ፋይሎች ግን እንዲህ አይደሉም። አንድ ፋይል ይነበብ ወይስ ይዘለል፣ ከየትኛው ቀድሞ ይነበብ የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ስሙ ነው።

ነገሩ ከዩኒክስ የተወረሰ ልማድ ነው። በዩኒክስ እያንዳንዱ ፎልደር ራሱን በአንድ ነጥብ፣ የበላዩን ፎልደር ደግሞ በሁለት ነጥብ ይጠራል። በቤል ላብስ የሠራው ሮብ ፓይክ እንዳስረዳው፣ እነዚህን ሁለት ስሞች ከዝርዝር ለማስቀረት ሲባል ፋይሎችን የሚዘረዝረው ፕሮግራም የስሙን የመጀመሪያ ምልክት ብቻ እንዲያይ ተደረገ። በነጥብ የሚጀምር ፋይል ሁሉ አብሮ ተሰወረ። ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ቅንብራቸውን በእንዲህ ያሉ ፋይሎች መደበቅ ለመዱ።

ነጥብ በስም መሃል ሲገባም ጣጣ አለው። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት በየቀኑ የሚሠሩ ስክሪፕቶች በሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ፣ በስሙ ነጥብ ያለበት ፋይል በዝምታ ይታለፋል። «ባካፕ» ይሠራል፤ «ባካፕ.ኤስኤች» አይሠራም። ሕጉ ግን ተገቢ ነው። ሶፍትዌር ሲታደስ የቀድሞው ቅጂ በስሙ መጨረሻ ነጥብና ቅጥያ ታክሎበት እዚያው ሊቀር ይችላል። ነጥብ ያለበት ባይዘለል ኖሮ አሮጌውም አዲሱም አብረው ይሠሩ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ቁጥሩ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች አንድ ረጅም ፋይል ብቻ ሳይሆን በአንድ ፎልደር የተሰበሰቡ ትንንሽ ፋይሎችንም ያነባሉ። ይህም አስተዳዳሪውና የሶፍትዌር ጥቅሎቹ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ሳይነካ የየራሳቸውን እንዲጨምሩ ያስችላል። ተራቸው እንዲታወቅም በስማቸው መጀመሪያ 10፣ 50 ወይም 99 ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ግን እነዚህን የሚያወዳድረው እንደ ፊደል ነው፤ 1 ከ2 ስለሚቀድም 100 ከ20 በፊት ይነበባል። 5ን 05 ብሎ መጻፍም የመጣው ከዚህ ነው።

ተራውን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። የሊኑክስን አገልግሎቶች በሚያስተዳድረው በሲስተምዲ ሁለት ፋይሎች ስለ አንድ ቅንብር የተለያየ ቢናገሩ፣ ኋላ የተነበበው ያሸንፋል። ከርቀት ወደ ሰርቨር ለመግባት በሚያገለግለው በኦፕን ኤስኤስኤች ግን ለአብዛኞቹ ቅንብሮች የሚጸናው መጀመሪያ የተነበበው ነው። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት የክላውድ ሰርቨር ላይ በ50 የሚጀምር ፋይል በፓስዎርድ መግባትን ፈቅዶ ሳለ፣ አስተዳዳሪው በ99 በሚጀምር ፋይል ቢከለክል ክልከላው አይሠራም። ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም፤ በሩ ክፍት ይቀራል። ሁለት የታወቁ ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ተቃራኒ ትርጉም መስጠታቸው ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል። የሰርቨር ደህንነት በእንዲህ ያለ ነገር ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

ስለዚህ ፋይሉን ጽፎ ከማመን ውጤቱን መጠየቅ ይሻላል። የኦፕን ኤስኤስኤች ሰርቨር ፋይሎቹን ሁሉ አንብቦ የደረሰበትን የመጨረሻ ቅንብር የሚያሳይበት ትእዛዝ አለው፤ የየቀኑን ስክሪፕቶች የሚያስኬደው ፕሮግራምም ምንም ሳያስኬድ የሚመርጣቸውን ስሞች ብቻ መዘርዘር ይችላል።