ለሁለት ጌቶች የሚገዛ ጀልባ

የሸራ ጀልባ ነዳፊ የማይስማሙ ሁለት ጌቶች አሉት። ተወዳዳሪው ክብደት ይቀነስልኝ፣ ፍጥነት ይጨመርልኝ ይላል፤ ከቤተሰቡ ጋር በባሕር ላይ ሳምንታት ለማሳለፍ የሚሻው ደግሞ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ታንከርና ማዕበል የማይበግረው አካል ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ቀፎ ለማስተናገድ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ትልቅ ስፍራ የሚሰጠው ቢል ላፕዎርዝ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1963 በካሊፎርኒያ መመረት የጀመረው ካል 40 ነው። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 3.35 ሜትር፣ ክብደቱ 6.8 ቶን ገደማ ሲሆን፣ ይህ በዘመኑ ሚዛን ለውቅያኖስ ጀልባ ቀላል የሚባል ነበር።

ቀፎው የተሠራው ከፋይበርግላስ ነው። የዚህ ቁስ መርሕ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ግድግዳ የሚመርግ ሰው ጭቃውን ከጭድ ጋር የሚያቦካው ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ነው። በፋይበርግላስ የጭዱን ቦታ እጅግ ቀጫጭን የብርጭቆ ክሮች፣ የጭቃውን ቦታ ደግሞ ፖሊስተር የተባለ ሙጫ ይይዛል። የመስኮት መስታወት በቀላሉ የሚሰበረው በገጹ ላይ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ስላሉና ውጥረቱ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ስለሚከማች ነው። ቀጭን ክር ግን ትልቅ ስንጥቅ ሊሸከም አይችልም፤ አንዱ ክር ቢበጠስ እንኳ ሙጫው ሸክሙን ወደ ጎረቤት ክሮች ያስተላልፈዋል። ከክሩ የተሠራው ጨርቅ በተወለወለ የቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየተነባበረ በሙጫ ይርሳል፤ ሲጠነክርም ውሃ የሚያስገባ መጋጠሚያ የሌለው ቀፎ ይወጣል። ማውጫው አንድ ጊዜ ከተሠራ ተመሳሳይ ቀፎዎችን ደጋግሞ ማውጣት ስለሚቻል፣ ከካል 40 ከመቶ በላይ ተመርተዋል።

ይሁን እንጂ ፋይበርግላስ ጠንካራ ቢሆንም የመተጣጠፍ ጠባይ አለው። የንጣፍ ግትርነት ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ ውፍረቱን እጥፍ ማድረግ ግትርነቱን 8 እጥፍ ያደርገዋል፤ ክብደቱም ግን እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ተወዳዳሪው አይወድም። መፍትሔው የመኝታ ክፍሎቹን የሚለዩትን የእንጨት ግድግዳዎች ከቀፎው ጋር በፋይበርግላስ ማጣበቅ ነው። ክፍል ሊለዩ የቆሙ ግድግዳዎች የቀፎው የጎድን አጥንት ሆኑ ማለት ነው። ሁለቱ ጌቶች ከሚስማሙባቸው ጥቂት ነጥቦች አንዱ ይኸው ነው።

ወደ ፍጥነቱ እንለፍ። ውሃን እየገፋ የሚሄድ ጀልባ ማዕበል ያስነሣል። በጥልቅ ውሃ ላይ የማዕበል ፍጥነት የሚወሰነው በርዝመቱ ነው፤ ይኸውም የመሬት ስበት ፍጥንጥነት በማዕበሉ ርዝመት ተባዝቶ ለፓይ እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው። ካል 40 ውሃውን የሚነካበት ርዝመት 9.24 ሜትር ስለሆነ ስሌቱ በሰከንድ 3.8 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 13.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰጣል። በዚህ ፍጥነት ጀልባው ራሱ ባስነሣው ማዕበል ሁለት ጫፎች መካከል ይቀመጣል፤ ከዚህ በላይ ለመፍጠን ከፊቱ ያለውን የውሃ ኮረብታ መውጣት ይኖርበታል። ከባድ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይገታል። ላፕዎርዝ ግን ሆዱን ጠፍጣፋ፣ ክብደቱንም ቀላል ስላደረገው የውቅያኖስ ማዕበል ከኋላው ሲያነሣው ካል 40 እየተንሸራተተ ወሰኑን ያልፋል።

ሲንሸራተት ወደ ጎን የመዞር አደጋ አለ። በር የሚገፋ ሰው ከማጠፊያው ራቅ ብሎ እንደሚገፋ ሁሉ፣ ላፕዎርዝም መሪውን ከኪሉ፣ ማለትም ከሆዱ ሥር ቁልቁል ከተተከለው ክንፍ፣ ለይቶ ወደ ኋላው ጫፍ ወሰደው። በዘመኑ በአብዛኞቹ የውቅያኖስ ጀልባዎች መሪው በኪሉ ጀርባ ላይ ይንጠለጠል ነበርና ይህ ደፋር እርምጃ ነበር። ከሎስ አንጀለስ እስከ ሃዋይ ነፋስን ከኋላ ይዞ በሚደረገው የትራንስፓክ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1965፣ በ1967 እና በ1969 በአጠቃላይ ውጤት ያሸነፉት ካል 40 ጀልባዎች ናቸው።

ከካል 40 ክብደት 40 በመቶው በኪሉ ውስጥ የተቀመጠ እርሳስ ነው። ጀልባን ቀና አድርገው የሚያቆሙት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ የቀፎው ስፋትና የክብደት ማዕከሉ ዝቅታ። ስፋት ርካሽ ነው፤ እርሳስ ሳይጨመር ብርታት፣ በውስጡም ሰፊ ሳሎን ይሰጣል። በ1970ዎቹ የውድድር ነዳፊዎች ወደ ሰፊና ቀላል ቀፎ ያዘነበሉት በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ ሰፊ ቀፎ ተገልብጦም እንደ ታንኳ ተረጋግቶ መንሳፈፉ ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 ከእንግሊዝ ተነሥተው በአየርላንድ ደቡብ የሚገኘውን የፋስትኔት ዓለት ዞረው ሊመለሱ የወጡ 303 ጀልባዎች ማዕበል መታቸው። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ፤ 24 ጀልባዎች በሠራተኞቻቸው ተተዉ፤ ከእነዚህም 5 ሰጠሙ። ከዚያ ወዲህ የጀልባ ነዳፊ የሚጠየቀው ጀልባው በትንሽ ዘንበል ላይ ምን ያህል ይበረታል ተብሎ ብቻ አይደለም፤ በስንት ዲግሪ ላይ ቀና የማለት ኃይሉን ያጣል ተብሎም ነው። በዚያ ውድድር ከትንንሾቹ ጀልባዎች ምድብ ጉዞውን የፈጸመው አሰንት የተባለው ጀልባ ብቻ ነበር። እርሱም ኮንቴሳ 32 የተባለ የፋይበርግላስ ጀልባ ሲሆን ወርዱ 2.9 ሜትር ብቻ ነው፤ ኪሉ ከባድ፣ ውስጡ ጠባብ፣ ወደ ነፋስ ሲሄድም ተሳፋሪውን በውሃ የሚያርስ።