ግጥሙ ይቅደም፦ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ሕፃናት ዘይቤን ማስተማር

አሜሪካ ውስጥ አንድ ልጅ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ቀላል ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤዎችን ማብራራት፣ ፈሊጦችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችንም ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ አብዛኞቹ ክፍላተ ግዛት የተቀበሉት «ኮመን ኮር» የተባለው የትምህርት መለኪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። መለኪያው በእንግሊዝኛ አፉን የፈታውን ልጅና አምና ከአዲስ አበባ ወይም ከሳን ሳልቫዶር የመጣውን ልጅ እኩል ይጠይቃል። ጊዜ ያጠረው መምህር ታዲያ አቋራጭ ይፈልጋል፦ የዘይቤውን ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ብያኔውን ያስገለብጣል፣ ከዚያም ልጆቹ ግጥሙ ውስጥ «ላይክ» እና «አዝ» የሚሉትን፣ እንደ «እንደ» ያሉ የማነጻጸሪያ ቃላት ፈልገው እንዲያሰምሩባቸው ያዛል። ልጁ ያሰምራል፣ ነጥቡንም ያገኛል። ግጥሙን ግን አላነበበም።

ይህ አካሄድ የሚዘነጋው ነገር አለ። በሃርቫርድ ሃዋርድ ጋርድነርና ኤለን ዊነር ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዳጠኑት፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ነገርን በነገር መስሎ መናገር ይቀናቸዋል፤ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ግን ልማዱ ለተወሰኑ ዓመታት ይቀንሳል። ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰንም በ1980 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ተለዋጭ ዘይቤ የገጣሚ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የዕለት ተዕለት አስተሳሰብ መሠረት መሆኑን ተከራክረዋል። እንግዲህ ለቋንቋው እንግዳ የሆነው ልጅ የጎደለው ምሳሌያዊ አስተሳሰብ አይደለም፤ ቃላቱ ናቸው።

ፈሊጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ተለዋጭ ዘይቤን አስቦ መድረስ ይቻላል፤ ፈሊጥን ካልነገሩት ማን ይደርስበታል? በ1963 የወጣችው የፔጊ ፓሪሽ «አሚሊያ ቤዴሊያ» ለዚህ ትምህርት ስትጠቀስ ትኖራለች። የቤት ሠራተኛዋ አሚሊያ የተባለችውን ሁሉ ቃል በቃል ትፈጽማለች፦ ዶሮዋን ለምግብ እንድታሰናዳ ስትታዘዝ ልብስ ታለብሳታለች፤ መጋረጃውን እንድትዘጋ ስትታዘዝ ቁጭ ብላ ሥዕሉን ትስላለች፤ የእንግሊዝኛዎቹ ግሶች ሁለቱንም ይሸከማሉና። ልጆች ይስቃሉ። ክፍሉ ውስጥ ግን ትናንት እንደ አሚሊያ ተሳስቶ የተሳቀበት ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ መጽሐፉን ማንበብ ያለበት መላው ክፍል ነው፤ ለጀማሪዎቹ ብቻ ነጥሎ መስጠት ደግ አይመስለኝም።

ከትርጉም በፊት ጆሮ አለ። ማክሊን፣ ብራያንትና ብራድሊ በ1987 ባወጡት ጥናት የሦስት ዓመት ልጆች የሚያውቁት የሕፃናት ዜማ ብዛት ድምፅን ነጣጥሎ ከመስማት ችሎታቸው ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል፤ ይህ ችሎታ ደግሞ ለንባብ ይጠቅማል። ካሮሊን ግራሃም በ1978 ያሳተመችው «ጃዝ ቻንትስ»፣ በጥያቄና መልስ መልክ በምት የሚባል የእንግሊዝኛ መለማመጃ፣ የተነሳው ከዚሁ ከጆሮ ነው። እንግሊዝኛ አንዱን ድምፅ አጥብቆ ሌላውን ይውጣል፤ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ደግሞ እያንዳንዱን ድምፅ እኩል ሊረግጥ ይሞክራል። እያጨበጨቡ መልሶ መላልሶ ማለት ያንን ያስተካክላል፤ ሰዋስው ሳይጠራም ጥያቄና መልሱ አፍ ላይ ይቀመጣል።

ወደ መጻፍ ሲመጣ ግን እኔ የማደላው ለኬኔት ኮክ ነው። ገጣሚና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኮክ ከ1968 ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ «ፒ.ኤስ. 61» በተባለ የሕዝብ ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ የሠራውን በ1970 «ዊሽስ፣ ላይስ ኤንድ ድሪምስ» በሚል ርእስ አሳተመ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ሁሉም ስንኝ በአንድ ሐረግ ይጀምራል፣ «እመኛለሁ…» እንደማለት። ሌላው ሐረግ «ዱሮ … ነበርኩ፣ አሁን ግን … ነኝ» የሚል ነው። አንድ ልጅ «ዱሮ ዘር ነበርኩ፣ አሁን ግን ጥላ ነኝ» ቢል ያለፈውን ጊዜ ግስ ተለማመደ፣ ተለዋጭ ዘይቤም ሠራ። የዘይቤውን ስም መምህሩ ከዚያ በኋላ ቢነግረው፣ ስሙ የሚለጠፍበት ነገር በእጁ አለው። ኮክ ቤት መምታትንም አልወደደም፤ ልጁ የሚገጥም ቃል ሲያሳድድ ሐሳቡ ያመልጠዋል። ለጀማሪ ይህ በእጥፍ እውነት ነው፤ ያሉት ቃላት ጥቂት ናቸውና። የስፓኒሽ ቃላት የሚሰገሰጉበት መልመጃም ነበረው፤ ያን ቀን ስፓኒሽ የሚናገሩት ልጆች የክፍሉ አዋቂዎች ናቸው።

ከዚሁ ጎን የሁለት ቋንቋ የግጥም መጻሕፍት ይቆማሉ፤ የፍራንሲስኮ አላርኮን ስፓኒሽና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚያስኬዱ ሥራዎች የታወቁ ናቸው። የቀለሞቹ ቁጥር የተወሰነው ሃይኩና በስም ፊደል የሚሠራ ግጥምም በየክፍሉ ይታያሉ። የመጀመሪያው ልጁን ጣት ያስቆጥረዋል፣ ሁለተኛው የቅጽል ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ያልተሠራበት ግን እንቆቅልሽ ነው። እንቆቅልሽ ማለት የሚመሰለው ነገር የተደበቀበት ተለዋጭ ዘይቤ ነው። «ምን አውቅልህ» እያለ ያደገ፣ መልሱ ሲጠፋው አገር ሰጥቶ የተቀለደበት የቨርጂኒያ ወይም የሜሪላንድ አበሻ ልጅ ይህን ጨዋታ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ሕጉን ያውቀዋል። ወላጆቹ እንግሊዝኛ ባይሆንላቸውም ቤት ውስጥ በአማርኛ የሚያስለምዱት ይህ የትምህርቱ ግማሽ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አስገብቶታል። መምህሩም እንግሊዝኛን በትምህርት ያገኘው ስለሆነ ምቱን ከቅጂ እየሰማ ከልጆቹ ጋር አብሮ መለማመዱ አያሳፍርም። የኮክ ዘዴ ከጠመኔና ከሰሌዳ ሌላ አይፈልግም። ችግሩ እርማት ላይ ነው። «ይህ ስንኝ የትኛው ዘይቤ ነው?» ብሎ አራት ምርጫ የሚደረድር ፈተና በደቂቃዎች ይታረማል፤ አንድ ስንኝ ሰጥቶ ቀጣዩን ተማሪው ራሱ እንዲጽፍ የሚያዝ ፈተና ግን የስልሳና የሰባ ልጅን ሐሳብ አንድ በአንድ ማንበብን ይጠይቃል፤ ይህን ጊዜ ለመምህሩ የሚሰጥ የክፍለ ጊዜ ድልድል አልተለመደም።