የጎንደር ተማሪ የማን ልጅ ነው?

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከጥቂት ዓመታት በፊት የጀመረው «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» አሠራሩ ቀላል ነው። ከሩቅ ተመድቦ የመጣ አዲስ ተማሪ ከከተማዋ ነዋሪ ከሆነ ቤተሰብ ጋር ይተዋወቃል። በዓል ሲደርስ ከዶርም ወጥቶ እዚያ ይውላል፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲከፋው የሚያዋየው አባትና እናት ያገኛል። ሐሳቡ ሥር የያዘበት ጊዜ የአገሪቱ ግቢዎች የታመሱበት ነበር። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገድለዋል፤ ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎችም ተዛምቶ ብዙዎች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ልጁን ጎንደር የላከ የሐረርጌ ወይም የወላይታ ወላጅ «እዚያ ማን አለው?» ብሎ ሲጨነቅ፣ የጎንደር እናት «እኔ አለሁት» ማለቷ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይህንኑ አሠራር ወስደውታል። ይሁንና ተማሪን በፍቅር መቀበልና ተማሪው በግቢው እኩል ባለመብት መሆኑ ይለያያሉ። ጎንደር የመጀመሪያውን ከጥንት ጀምሮ ታውቅበታለች፤ ሁለተኛው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

የመጀመሪያውን ታውቅበታለች ያልሁት ለሙገሳ አይደለም። የአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያ የሆነው የበአታ ቤተ ክርስቲያን ያለው ጎንደር ነው። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው የመጡ የቆሎ ተማሪዎች ለዘመናት የኖሩት «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ከየደጁ በሚዘረጋላቸው ቁራሽ ነው። የዚያን ዘመን ተማሪ ያስተማረው መንግሥት ሳይሆን ሰፈር ነበር ማለት ይቻላል። ትምህርቱ በቃል የሚወርድ ስለነበር ማየት የተሳነውም ሰው ዜማውንና ቅኔውን ተምሮ መምህር ይሆን ነበር፤ በዚህ በኩል የድሮው ጉባኤ ቤት ከዛሬው የመማሪያ አዳራሽ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ግን የቆሎ ተማሪ ኑሮ በሰጪው እጅ ነበር። አንዱ ደጅ እንጀራ ሲያወጣ ሌላው ደጅ ውሻ ይለቅበታል፤ ለውሻውም አቤት የሚባልበት ዳኛ አልነበረም።

እንግዳ ተቀባይነት አጥር ከማበጀት ጋር አብሮ ሊኖር እንደሚችልም የከተማዋ ታሪክ ያስተምረናል። አፄ ፋሲል ጎንደርን ከመሠረቱ ብዙም ሳይቆይ፣ በልጃቸው በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። የሙስሊሞቹ የነበረው አዲስ ዓለም ዛሬም ያንን ታሪክ ይዞ ያለ ሰፈር ነው። ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪው ለከተማዋ አስፈላጊ ነበሩ፤ አብረው ይገበያያሉ፣ ጉርብትናም ነበራቸው፤ ስለ ከተማዋ በሚመከርበት ሸንጎ ግን ቦታ አልነበራቸውም። ይህ የሩቅ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በአንድ ሙስሊም አዛውንት ቀብር ላይ የተነሣውንና የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፈውን ግጭት ያስታውስ። ፍቅሩ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ፍቅር ብቻውን ክፉ ቀን ሲመጣ አይበቃም።

ሁለተኛው መንገድ ምን እንደሚመስል ራሱ ዩኒቨርሲቲው ከልደቱ ጀምሮ ያሳየናል። በ1945 ዓ.ም. ደምቢያ ላይ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ያሠለጥን ነበር። ብልኃቱ የነበረው ሦስቱን ለየብቻ አስተምሮ ለየብቻ አለማስመረቁ ላይ ነው። በአንድ ቡድን ተዋቅረው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ይወርዱና አብረው ያክሙ፣ አብረው ምንጭ ያጎለብቱ፣ አብረው መጸዳጃ ያስቆፍሩ ነበር። የተለያየ አገር ልጆች የተግባቡት «ተዋደዱ» ስለተባሉ ሳይሆን፣ የአንዱ ሥራ ካለሌላው ስለማይቆም ነበር። ይህ የቡድን ሥልጠና ከሰባት አሥርት ዓመታት በኋላም በጤና ትምህርቱ ውስጥ አለ። ወደ ሕግና ወደ ቢዝነስ ትምህርት ክፍሎች ለምን እንዳልተሻገረ አይገባኝም።

የፍትሕ ጥያቄ ፊት ለፊት የሚታየው ግን በአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ላይ ነው። ጎንደር ዳገት ናት፤ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎችም እንደ ከተማዋ ሽቅብና ቁልቁል ናቸው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ተማሪ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተመደበ ክፍል «አትማርም» ከማለት አይለይም። በ2009 ዓ.ም. ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ለ10 ዓመት የሚቆይ መርሐ ግብር ተፈራረሙ። ዓላማው በተለይ አካል ጉዳት ያለባቸውን ጨምሮ ወደ 450 ለሚሆኑ ወጣቶች የነፃ ትምህርት ዕድል መስጠት ነው። ለእኔ ከገንዘቡ የሚበልጠው ሌላው ክፍል ነው። መምህራን ወደ ካናዳ ሄደው እንዲማሩ ተደረገ፣ በአገራችን የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ተከፈተ። ይህ ሙያ ጉዳት የደረሰበት ሰው መልበስን፣ መብላትን፣ መሥራትን በራሱ እንዲችል፣ ቤቱና የሥራ ቦታውም እንዲመቹት የሚያደርግ ነው። ተማሪውን ብቻ ሳይሆን ተቋሙንም መለወጥ ማለት ይህ ነው። ችግሩ መርሐ ግብሩ ዓመት የተቆረጠለት መሆኑ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ አዝዟል፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስለዚህ መወጣጫው የሚሠራው ለጋሽ ስለተገኘ መሆን አልነበረበትም። ጥያቄውም ከዩኒቨርሲቲ በር ይቀድማል፦ ማየት የተሳነው ልጅ ሒሳብ ሳይማር ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርስበት ልማድ እስካለ ድረስ፣ በሩ ቢከፈትም የሚገባባቸው የትምህርት ክፍሎች ጥቂት ናቸው።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ነገር ቋንቋ ነው። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ቢሆንም ማስታወቂያው፣ የሬጅስትራር መስኮቱና የጥበቃው ትእዛዝ አማርኛ ነው። በሶማልኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ተምሮ የመጣ ልጅ የምዝገባ ቀን ያለፈበት ሰንፎ ላይሆን ይችላል። ከጎንደር ወጣ ብሎ ደባርቅ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በሰሜን ተራሮች ጥግ ያለ ወጣት ተቋም ነው። ከጋምቤላ ወይም ከአፋር በሸሚዝ የመጣ ልጅ ያንን ውርጭ የሚያልፍበት ብርድ ልብስ የበጎ አድራጊ ጉዳይ ነው ወይስ የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ግዴታ? መልሱ ግልጽ ይመስለኛል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁሉም ከክፋት የመጡ አይደሉም። አንዱ «ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ማድረግ ጥራትን ይገድላል» የሚለው ነው። ዝቅ ያለው መግቢያው ነው፤ መውጫው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ይቀመጣል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥራቱ የት እንደወደቀ ይህ ቁጥር ይነግረናል፤ የልዩ ድጋፍ ተማሪው አልጣለውም። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ «ልጆች በየክልላቸው ቢማሩ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።» የወላጅ ስጋት ነውና አላቃልለውም፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ አማራ ክልል ባለበት ጦርነት ውስጥ ሆኖ ልጅን ወደ ጎንደር መላክ ድፍረት ይጠይቃል፣ መንገዱ ደኅና እስኪሆን መጠበቅም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁሉም የአንድ ክልል ልጅ የሆነበት ግቢ እንኳ ድኻና ሀብታም፣ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ የሚሰማና የማይሰማ ይኖሩበታል። ልዩነትን በምደባ ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው የሚዳኝበትን ሥርዓት ማበጀት ነው።

«ድኻ አገር ነን፣ ገንዘብ ከየት?» ለሚለውም፣ አብዛኛው የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም። መራመድ የሚቸገር ተማሪ ያለበትን ክፍል ምድር ቤት ማድረግ የመርሐ ግብር ጉዳይ ነው። ማስታወቂያን በሁለት ሦስት ቋንቋ መለጠፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለአቤቱታ የመልስ ቀን መቁረጥ፣ ውጤቱንም ለተማሪው በጽሑፍ ማሳወቅ ወረቀት እንጂ በጀት አይፈልግም። ሴት ተማሪ ውጤቷን የያዘውን መምህር ስትከስ ጉዳዩን የሚያየው አካል ከትምህርት ክፍሉ ውጭ ቢሆን የሚወጣ ተጨማሪ ደመወዝ የለም። እነዚህ የሚጠይቁት ትእግሥትና ሹማምንትን መጎትጎት ነው፤ የቃል ኪዳን ቤተሰቡ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የከተማዋ ሰው ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች ጋር የሥጋ ዝምድና፣ ጉርብትና፣ ማኅበር አለው፤ የሩቁ ልጅ የሌለው ይህ ነው።

ስለዚህ ጎንደር ሆናችሁ የቃል ኪዳን ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ለፋሲካ ጠርታችሁ ካበላችሁት በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩለት፦ ያስገባኸው አቤቱታ መልስ አገኘ ወይ? ካላገኘ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ አብራችሁት ወደ ቢሮው ሂዱ።