ስማችንን ይዘው የሰመጡ

ከኢሉባቦር ቡሬ ቁልቁል የሚወርደው ጅረት ባሮ ይገባል። ባሮ ጋምቤላን አልፎ ሶባት ይሆናል፤ ከዚያም ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ካርቱም ላይ ከጥቁር ዓባይ ጋር ይገናኛል፣ በመጨረሻም ከእስክንድርያ ብዙ ሳይርቅ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዚያ ባሕር ውስጥ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ ነገሌ፣ አሸንጌ፣ አላጌ የሚባሉ ሰርጓጅ መርከቦች ይዋጉ ነበር። የእኛ አልነበሩም። የጣሊያን ነበሩ።

ስለ ሰርጓጅ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው የጀርመኖቹን ነው። እኔ ግን እነዚህ፣ ከሌሎቹ ጋር 17 የሚሆኑት፣ አብዛኞቹ በስማችን የተጠሩ መርከቦች እንዲታወቁ እፈልጋለሁ። በቡድን የሚጠሩት በመጀመሪያዋ ስም፣ በአድዋ ነው። ጣሊያን አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. ተሸንፎ በ1928 ዓ.ም. ተመልሶ ያዛት፤ 40 ዓመት ያሳፈረውን ስም በብረት ላይ ጽፎ የድል ምልክት ሊያደርገው ፈለገ። ከአድዋ ሌላ አብዛኞቹ የተሰየሙት በያዛቸው ወይም በተዋጋባቸው ቦታዎች ነው። አድዋ የተባለችው መርከብ በመስከረም 1929 ዓ.ም. ባሕር ላይ ስትወርድ ግን ጣሊያን ኢሉባቦር ገና አልደረሰም ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ የኢሉባቦሯ ጎሬ ነበረች፤ መሪዎቹ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅና ራስ እምሩ እዚያ ነበሩ። ጎሬ የተያዘችው በኅዳር ነው።

የእያንዳንዷ መርከብ ርዝመት 60 ሜትር ያህል፣ ሠራተኞቿም 45 ገደማ ነበሩ። ከውሃ በላይ በናፍጣ ሞተር፣ ከውሃ በታች በባትሪ ትሄድ ነበር። ከፊት አራት፣ ከኋላ ሁለት የቶርፒዶ ማስወንጨፊያ ነበራት። ስትጠልቅ ሁሉም ነገር ይዘጋል፤ ሰዎቹ የሚተነፍሱት አብሯቸው የገባውን አየር ብቻ ነበር።

መቀሌ በተባለችው መርከብ ላይ የደረሰውም ከዚሁ የመጣ ነው። መቀሌ ምፅዋ ከነበሩት ስምንት ሰርጓጆች አንዷ ስትሆን፣ ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጦርነት ሲገባ ወደ ፖርት ሱዳን ተላከች። የቀይ ባሕር ሙቀት በብረት ሆድ ውስጥ የሚቻል ስላልሆነ አየር ማቀዝቀዣ ተገጥሞላት ነበር። በማቀዝቀዣው ውስጥ የሚዞረው ሜቲል ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ግን አፈተለከ። ይህ ጋዝ አእምሮን ያናውጣል፤ መርከበኞቹ ተመርዘው ያሉበትን ቦታ እንኳ በትክክል መለየት አቃታቸው። ሰኔ 8 ሌሊት መቀሌ ከአንዲት ጠፍ ደሴት ዳርቻ ጋር ተላተመች፤ ብዙም ሳትቆይ ተንሸራታ ጥልቁ ውስጥ ገባች። ሰዎቹ ውሃ በሌለበት አሸዋ ላይ ቀሩ። ጥቂቶቹ በትንሽ ጀልባ ወደ ኤርትራ ጠረፍ ቀዝፈው እርዳታ ጠሩ፤ ከሳምንት በኋላ ሌላ ሰርጓጅ መጥታ የቀሩትን አነሳች። አንዱ ግን እዚያው ሞቶ ተቀብሯል። ጠላት አንድ ጥይት አልተኮሰባቸውም።

ሌሎቹ ግን ተዋግተዋል። ሽሬ በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. ስድስት ጠላቂዎችን ሰው ከሚነዳቸው ሦስት ቶርፒዶዎች ጋር ይዛ እስክንድርያ ወደብ ደጃፍ አደረሰች፤ ሁለት ትልልቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ ስሙ ግን ይቆረቁረኛል። አክሱምም ነሐሴ 6 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደ ማልታ የሚጓዘውን ቅፍለት አድብታ በአንድ ተኩስ ሦስት መርከቦችን መታች፤ ካይሮ የተባለችው የጦር መርከብ ጠፋች።

መጨረሻቸው ግን አላማረም። ጎንደር መስከረም 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ወጣ ብላ ሰመጠች። አድዋ ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን አልጄሪያ አጠገብ ሰመጠች። ተምቤን በእንግሊዝ መርከብ ተገጭታ ጠፋች። ሽሬ ሐይፋ ደጃፍ ቀረች።

ከ17ቱ ከጦርነቱ የተረፈችው አላጌ ብቻ ናት፤ እሷም በሰኔ 1934 ዓ.ም. የገዛ አገሯን የጦር መርከብ በስህተት መትታ አስጥማለች። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የሾመው እንደራሴ ዱካ ዳውስታ በግንቦት 1933 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ እጁን ሲሰጥ፣ በተራራው ስም የተጠራችው መርከብ ገና ሜዲትራኒያን ውስጥ ነበረች።