የሕፃናትን ሥዕል ማን ይይላቸው?

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? የልጁን ደብተር የሚያገላብጥ ወላጅ መልሱ ግራ ቢያጋባው አይፈረድበትም። በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ አለ። መማሪያ መጽሐፍ አለው። ሪፖርት ካርዱ ላይም ውጤት ተሞልቶለታል። ደብተሩ ሲገለጥ ግን የሚገኘው ጽሑፍ ነው፤ “ዋና ዋና ቀለማት ሦስት ናቸው፤ እነሱም ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ናቸው” ይላል። ልጁ ይህን ሸምድዶ ከ10 10 አግኝቷል። ቢጫና ሰማያዊ ሲደባለቁ አረንጓዴ ሲወጣ ግን በዓይኑ አላየም።

ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ሁለት ምክንያቶች ይቀርባሉ። አንደኛው ቁሳቁስ ነው፤ ወረቀት የለም፣ ቀለም የለም፣ ብሩሽ የለም። ሁለተኛው ፈተና ነው፤ ሥዕል 12ኛ ክፍል ላይ አይፈተንም፣ ስለዚህ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለቱ ቢቃለሉ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነፍስ ይዘራል ብሎ ማመን ግን ይቸግረኛል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለ ልጅ ክልላዊም ሆነ ብሔራዊ ፈተና አይጠብቀውም፤ ሥዕል ግን እዚያም ያው የማስታወሻ ትምህርት ነው። ስለ ቁሳቁስ ደግሞ የእንቁጣጣሽን ሰሞን ማስታወስ ይበቃል። ጳጉሜን ላይ ስንቱ ልጅ ነው ከደብተር በገነጠለው ወረቀት ላይ አበባና ፀሐይ፣ ወፍና መልአክ ሲሥል የሚያመሸው! በማግስቱ ሥዕሉን ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ጎረቤቱ ይቀበለዋል፣ ይመርቀዋል፣ ሳንቲም ይሰጠዋል። አሁን አሁን የታተመ ሥዕል ገዝቶ መዞር መለመዱ ራሱን የቻለ ኪሳራ ነው። ያ ልጅ መስከረም ላይ ክፍል ሲገባ ግን ስለ ሥዕሉ የሚጠይቀው የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት እኔ እንደሚመስለኝ ሌላ ነው። የሕፃን ሥዕል አይቶ የሚረዳ መምህር አላዘጋጀንም።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች አንድ መምህር አብዛኛውን ትምህርት እንዲያስተምር ተደርጓል። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ሥዕልን ከሙዚቃ፣ ከውዝዋዜና ከቴአትር ጋር አጣምሮ “የክወናና የእይታ ጥበባት” አድርጎታል። በሐሳብ ደረጃ መልካም ነው፤ መጽሐፉም ልጁ እንዲሠራ፣ እንዲነካ፣ እንዲሞክር ይጋብዛል። መጽሐፉን ይዞ ክፍል የሚገባው መምህር ግን በልጅነቱ ማስታወሻ ሲገለብጥ ያደገ ነው፤ እርሳስ ይዞ አንድ ዛፍ በደንብ አስተውሎ እንዲሥል የጠየቀው ሰው አልነበረም። መዝሙር ማዘመር ይቀለዋል። መዝሙር ወጪ የለውም፣ የወላጆች ቀን ሲመጣም መድረክ ላይ ይታያል። ሥዕሉ ወደ ጎን ይገፋል። በላይኞቹ ክፍሎች ደግሞ የሥዕል ክፍለ ጊዜ የሥራ ጫናው ላነሰ መምህር ማሟያ ሆኖ ሲደለደል ይታያል።

መምህሩ ምን ማየት እንዳለበት ሳያውቅ ሲቀር የሚሆነውን በምሳሌ ላሳይ። የ7 ዓመት ልጅ ቤቷን ትሥላለች። ጣሪያው አለ፣ በሩ አለ፤ እናቷ ቡና ስትቆላ በግድግዳው በኩል ትታያለች። እናት ከበሩ ትበልጣለች። ሰማዩ ከወረቀቱ ጫፍ ላይ የተሰመረ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነው፤ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ያልሠለጠነ ዓይን እዚህ ሦስት ስሕተት ይቆጥራል። ትውልደ ኦስትሪያዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ምሁር ቪክቶር ሎወንፌልድ ግን በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራቸው ከ7 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች በአብዛኛው እንዲህ እንደሚሥሉ ዘርዝረው አስረድተዋል። ልጅ በዚህ ዕድሜ የሚሥለው የሚያውቀውን ነው፤ እናቷ ቤት ውስጥ እንዳለች ታውቃለች፣ ስለዚህ ግድግዳው አያግዳትም። ትልቅ አድርጋ የሣለቻት እናቷ ትልቅ ቦታ ስላላት ነው። ለኛ ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይም ክብር ያለው ገዝፎ ይሣላል፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ኃጥእ በአንድ ዓይኑ በጎን ይታያል። ትርጉምን ከመልክ የሚያስቀድም የአሣሣል ወግ እያለን ሕፃኗ ስትሠራው “ተሳስተሻል” እንላታለን።

መምህሩ ያንን ሥዕል ማንበብ ካልቻለ ቀሪ መንገዱ አንድ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ጎጆ ወይም ጀበና ይሥላል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ለማረም ይመቻል። የመሰለ 10፣ ያልመሰለ 5። በአንድ ክፍል 50 ልጅ ቢኖር፣ ክፍለ ጊዜው ደግሞ 40 ደቂቃ ቢሆን፣ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። በ48 ሰከንድ ውስጥ ከሰሌዳው ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ ምን እንዳሰበች መጠየቅ ግን የሚችለው የሚፈልገውን አስቀድሞ የሚያውቅ መምህር ብቻ ነው። ሮስተር ላይ ቁጥር መሙላት ግዴታ ነውና መምህሩን ብቻውን መውቀስ ግፍ ነው። ቁጥሩ የመጣው ከላይ፣ መመዘኛው ግን ከየትም አልመጣለትም።

መገልበጥን ጨርሶ የማጣጣል ሐሳብ የለኝም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከመምህሩ ሥር ሆኖ የቀደሙትን ሥዕሎች እየገለበጠ ነው የሠለጠነው። ያ ግን ሙያውን መርጦ የገባ ተማሪ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ለምን እንደሚገለብጥ የሚነግረው ባለሙያ አለ። የ1ኛ ክፍል ሕፃን አንዱንም አላገኘም። ነገሩ ከዚያም በፊት ይጀምራል። በአፀደ ሕፃናት ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የሚታደለው፣ ልጁ ከመስመር ሳይወጣ ቀለም እንዲቀባው የሚሰጠው ሥዕል ወላጅን ያስደስታል፤ ንጹሕ ነው፣ ያምራል። ሎወንፌልድ ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ ልጁ የራሱ ሥዕል ከታተመው ያነሰ እንደሆነ ያስተምረዋልና።

ውጤቱ ከ9 ዓመት ጀምሮ ይታያል። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሥዕሉ ነገሩን እንዲመስልለት ራሱ ይመኛል፤ አልመስል ሲለው ያፍራል። ከጎኑ ሆኖ “ዓይንህን ከወረቀቱ ላይ አንሳና ዕቃውን ተመልከት” የሚለው ሰው ካገኘ ይሻገራል። ካላገኘ “እኔ ሥዕል አልችልም” ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል፤ አብዛኞቻችን ዕድሜ ልካችንን የምንደግመው ይህንኑ ነው። 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ የሳይንስ መምህሩ የአበባን ክፍሎች አስተውላችሁ ሣሉ ሲል ልጆቹ መጽሐፉን ይገለብጣሉ፤ አበባው ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ። ማስተዋልን ያልተለማመደ እጅ ካርታም፣ ጂኦሜትሪም፣ በኋላም የሙያ ትምህርት ቤት ንድፍ ይከብደዋል።

ሌላው ውጤት ፍትሕን ይነካል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በሥዕል ችሎታ ፈትኖ ይቀበላል። ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሌላ ሊያደርግ አይችልም። ለዚያ ፈተና የሚደርሰው ግን መደበኛው ትምህርት ያዘጋጀው ልጅ ሳይሆን ቤተሰቡ ለግል ትምህርት ከፍሎ ያስተማረው፣ ወይም ማንም ሳያግዘው ብቻውን የታገለ ነው። ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠይቁ የግል ትምህርት ቤቶች የሥዕል መምህር ለብቻው ይቀጥራሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ያለው ያ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በማስታወሻ አለቀ።

መፍትሔውን ከቀለም ግዢ የሚጀምሩ ዕቅዶችን የምጠራጠረው ለዚህ ነው። ቀለሙ ስቶር ውስጥ ይደርቃል። ከሰልና ጭቃ፣ ቅጠልና የተለያየ ቀለም ያለው አፈር በየደጁ አለ፤ አክርማ ነክራ መሶብ የምትሰፋ እናት ስለ ቀለም ከመማሪያ መጽሐፉ የማያንስ ዕውቀት አላት፤ ክፍል ድረስ ተጋብዛ ብታሳይ ምን ይከለክላል? ገንዘቡና ጊዜው መሄድ ያለበት ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጆች ነው። ሠልጣኙ ስለ ሥዕል ታሪክ ከሚጽፍ ይልቅ ራሱ ይሣል፣ ይፈር፣ ይልመድ። ከ5 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች የሣሏቸውን ሥዕሎች ዘርግቶ ልዩነታቸውን ያንብብ። ምዘናውም ከዚያው ይመጣል፤ የአንድ ልጅ የመስከረም፣ የጥርና የሰኔ ሥዕሎች ቀን ተጽፎባቸው በአንድ ክላሰር ቢቀመጡ መምህሩ ልጁን ከሰሌዳው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ያነጻጽረዋል። ለሮስተሩ የሚሆን ቁጥርም ያገኛል፤ ወላጅ ሲጠይቅም የሚያሳየው ሥራ ይኖረዋል። ለአንድ ልጅ በዓመት ሦስት ወረቀት ይበቃል።